የሩጫ ውጤት በስልካችን ላይ በትክክል እንዲነበብ፦ ለውጤት ገጽ ሠሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለአትሌቲክስ ውድድር አዘጋጆች፣
ለስፖርት ድረ ገጽና መተግበሪያ ሠሪዎች፣
ውጤት በአማርኛ ለምታቀርቡ የስፖርት ጋዜጠኞች፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በኢንተርኔት በሚወጡ የሩጫ ውጤቶች አቀራረብ ላይ ጥቃቅን ማሻሻያዎች እንዲደረጉ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ዶሃ ላይ፣ በዓለም ሻምፒዮና የ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ፣ ኬንያዊው ኮንሰስለስ ኪፕሩቶ በ8:01.35 አንደኛ፣ የእኛው ለሜቻ ግርማ በ8:01.36 ሁለተኛ ሆነው ገቡ። በወርቅና በብር መካከል የነበረው የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። ይህን ውጤት ዛሬ በስልኩ የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ግን ተራ ዝርዝር ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ከጎናቸው ቁጥር። ልዩነቱን ራሱ ቀንሶ ካላወቀው በቀር ምን ዓይነት ፉክክር እንደነበር የሚነግረው ነገር የለም። መቶኛዋ ተቆርጣ ሁለቱም 8:01 ተብለው ከተጻፉማ አንዱ ለምን ወርቅ፣ ሌላው ለምን ብር እንዳገኘ እንኳ አይገባውም።

መተዳደሪያዬ የስክሪን ዲዛይን ነው። አትሌቲክስን የምከታተለው ደግሞ፣ እንደ ብዙ ሰው፣ ከቀጥታ ሥርጭት ይልቅ በውጤት ገጽ ነው። አዲስ ገጽ ሥሩ ለማለት አልጻፍኩላችሁም። ያለውን ሳታፈርሱ፣ በጀት ሳትጠይቁ፣ በጥቂት ቀን ሥራ ልታስተካክሏቸው ስለምትችሏቸው ነገሮች ነው የምጽፈው። አንድ አትሌት ለዓመታት ደክሞ ያስመዘገበው ውጤት ብዙው ሰው ዘንድ የሚደርሰው በአንዲት ረድፍ ጽሑፍ ነው። ያቺ ረድፍ ስሙን ካሳሳተች ወይም ሰዓቱን ካደበላለቀች ከድካሙ ላይ ታጎድልበታለች። (በዚህ ደብዳቤ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከስም ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ የሚቆረቁረኝ እሱ ነውና።

ዓለም አቀፍ የውጤት ሥርዓቶች ለስም ሁለት ሳጥን አላቸው፤ አንዱ ለግል ስም፣ ሌላው ለቤተሰብ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባታችን ስም ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ የተነገረውን ያደርጋል። የአባትን ስም በትልልቅ ፊደል አስቀድሞ ይጽፋል፤ በፊደል ተራ የሚደረድረውም በእሱ ነው፤ ቦታ ሲጠበው ደግሞ የአትሌቱን የራሱን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥራል ወይም ጨርሶ ይጥለዋል። በለንደን 2012 ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ታሪኩ በቀለ በ27:31.43 ሦስተኛ፣ ታላቅ ወንድሙ ቀነኒሳ በቀለ በ27:32.44 አራተኛ ወጡ። የአባት ስም ብቻ በሚያሳይ ጠባብ ሠንጠረዥ ላይ ሦስተኛውም «በቀለ»፣ አራተኛውም «በቀለ» ነው። ነሐሱ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? የዲባባ እህትማማቾችም እንዲሁ ናቸው። አቴንስ 2004 ላይ በ10,000 ሜትር ብር ያገኘችው እጅጋየሁ፣ በዚያው ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር ነሐስ ያገኘችው ጥሩነሽ፣ በ2015 ሞናኮ ላይ የ1,500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ3:50.07 የሰበረችው ገንዘቤ፣ ሦስቱም «ዲባባ» ሆነው ይቀራሉ። ወንድማማችነት በሌለበትም ችግሩ ያው ነው። በሞስኮ 2013 የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ነሐስ ያገኘው «ቶላ» ታደሰ ሲሆን፣ በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ማራቶን በ2:06:26 ወርቅ ያጠለቀው «ቶላ» ታምራት ነው።

የውጭው ገጽ ይህን ሲያደርግ ሥርዓቱ ለሌላ አገር ስም የተሠራ ስለሆነ ነው ብለን እንለፈው። እኔን የሚያሳስበኝ መረጃው ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ቅደም ተከተሉ እንዳለ አብሮ መምጣቱ ነው። «በቀለ ቀነኒሳ» ተብሎ በአማርኛ ሲጻፍ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚረዳው በቀለ የሚባል የቀነኒሳ ልጅ መሮጡን ነው። ስሙ የሰው ሆኖ ታሪኩ የሌላ ሰው ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ አትሌቶችን ስም ሁልጊዜ ሙሉውን፣ የራስን ስም አስቀድማችሁ አሳዩ። በስልክ ስክሪን ላይ ካልበቃ ስሙ ወደ ሁለተኛ መስመር ይውረድ፤ በሦስት ነጥብ አይቆረጥ። ማሳጠር የግድ ከሆነ የሚያጥረው የአባት ስም ይሁን፤ «ቀነኒሳ በ.»፣ «ታሪኩ በ.» ተብሎ ሲጻፍ ማንም አይሳሳትም። ፊደል ተራም በራስ ስም ይሁን፤ ጥሩነሽን የሚፈልግ ሰው «ጥ» ሥር እንጂ «ዲ» ሥር አይሄድም። በተጨማሪ እያንዳንዱ ስም ሲነካ ወደ አትሌቱ የራሱ ገጽ ይውሰድ፣ ገጹም በስም ሳይሆን በማይለወጥ መለያ ቁጥር ይታሰር። ስሙ በአንዱ ውድድር በአንድ ዓይነት፣ በሌላው በሌላ ዓይነት ቢጻፍ እንኳ ሰውየው አንድ ሆኖ ይቀጥላል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልጨምር። ከአትሌቶቻችን ብዙዎቹ ስማቸው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ እያንዳንዱ ጋዜጠኛ እንደሰማው ይጽፈዋል። ፌዴሬሽኑና ክለቦች አትሌቱን ራሱን ጠይቀው በግዕዝ ፊደልና በላቲን ፊደል የጸደቀ አንድ የስም ዝርዝር ቢያወጡ፣ ሁላችንም ከዚያ ብንቀዳ፣ ግማሹ ችግር ይወገድ ነበር። አንድ የሠንጠረዥ ፋይል ይበቃል።

ስም ከተነሳ ፍለጋም ይነሳል። ኃይሌን ሰው «ኃይሌ»፣ «ሃይሌ»፣ «ሀይሌ»፣ «ሐይሌ» ብሎ ይፈልገዋል። ጉዳፍን «ፀጋይ» የሚላት አለ፣ «ጸጋይ» የሚላትም አለ። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ኮድ ያለው ሌላ ፊደል ነው፤ ስለዚህ «ምንም ውጤት አልተገኘም» ይላል። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀን አንድ አድርጎ፣ ሰና ሠን አንድ አድርጎ፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ኮድ ከነዝርያቸው አንድ አጭር ሠንጠረዥ ነው። ክፍተትንና እዝባርንም (/) ጨምሩበት፤ «ገብረሥላሴ»፣ «ገብረ ሥላሴ»፣ «ገ/ሥላሴ» ሦስቱም አንድ ሰው ዘንድ መድረስ አለባቸው። ይህ ማጣጣም ለፍለጋ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን አትሌቱ የመረጠው አጻጻፍ መሆን አለበት። የላቲኑን ስም በዚያው ሳጥን ውስጥ መፈለግ ቢቻል ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደገ ልጅ ከእናቱ ጋር አንድ ገጽ ላይ ይገናኛል።

ቀጥሎ የሰዓት አጻጻፍ።

በሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ27:18.20 ለ27:18.29 ነው፤ ዘጠኝ መቶኛ። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ይህ ሰዓት ብዙ ጊዜ «27፡18፡20» ተብሎ ይወጣል። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ የሮጠችው ማራቶን ደግሞ «2፡11፡53» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ትርጉማቸው ግን የተለያየ ነው። በአንዱ የመጨረሻው ቁጥር መቶኛ ሰከንድ ነው፣ በሌላው ሙሉ ሰከንድ። አትሌቲክስን የለመደ ሰው ከርቀቱ ያውቀዋል፤ ያልለመደው በምን ይለየዋል? ሰዓትን፣ ደቂቃንና ሰከንድን በሁለት ነጥብ፣ መቶኛን በአንድ ነጥብ ለዩ፤ በአምዱ አናት ላይም «ደቂቃ:ሰከንድ.መቶኛ» ወይም «ሰዓት:ደቂቃ:ሰከንድ» ብላችሁ በትንሹ ጻፉ። የጎዳና ውድድር ሰዓት በደንቡ መሠረት ወደ ቀጣዩ ሙሉ ሰከንድ ከፍ ተደርጎ ስለሚመዘገብ ለማራቶን «.00» አትጨምሩ፤ ያልተለካን ነገር እንደተለካ ያስመስላልና። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌርም 2:11:53ን እንደ ግድግዳ ሰዓት ሊያነበው ይችላል። ከቁጥሩ ጀርባ «2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ» የሚል የማይታይ ጽሑፍ ብታስቀምጡ እነሱም በትክክል ይሰሙታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ መስመር ኮድ አለ። በብዙ ፎንቶች «1» ከ«8» ይጠባል፤ ሰዓቶች ሲደረደሩ ነጥቦቹ አንዱ ከአንዱ ሥር አይውሉም፤ ዓይን ቁልቁል ሲወርድ ይደናቀፋል። አኃዞቹ እኩል ስፋት እንዲኖራቸው ፎንቱን ማዘዝና አምዱን ወደ ቀኝ ማስጠጋት በቂ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የሃምሳ ሯጮችን ውጤት በአንድ እይታ ለማነጻጸር ግን ከማንኛውም ጌጥ ትበልጣለች።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳነሳሁት የሰዓት ልዩነት ልመለስ። ከአሸናፊው ሰዓት ቀጥሎ ላሉት ሁሉ «+0.01»፣ «+0.30» የሚል አምድ ይኑር። በፓሪስ 2024 የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ጆሹዋ ቼፕቴጌ 26:43.14፣ በሪሁ አረጋዊ 26:43.44፣ ግራንት ፊሸር 26:43.46 ነው የገቡት። በሪሁ ብሩን ያገኘው በሁለት መቶኛ ሰከንድ ነው። «+0.30» እና «+0.32» ጎን ለጎን ሲታዩ የመጨረሻው ሜትር ትግል ሳይተረክ ይታያል። በዚያ ቀን የወደቀው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ቀነኒሳ ቤጂንግ 2008 ላይ ያስመዘገበው 27:01.17 ነበር። ከአሸናፊው ሰዓት ሥር «የቀድሞው ክብረ ወሰን 27:01.17፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ 2008» የምትል አንዲት ደብዘዝ ያለች መስመር ብትኖር ስንት ነገር ትናገር ነበር። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ሄንግሎ ላይ 10,000 ሜትርን በ29:01.03 ስትሮጥ የሰበረችው ክብረ ወሰን ሲፋን ሀሰን በዚያው ስታዲየም ከሁለት ቀን በፊት ያስመዘገበችው 29:06.82 ነው። የለተሰንበትን ሰዓት ብቻ የሚያይ አንባቢ ይህን በፍጹም አያውቅም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚያስፈልገው ልዩነት ከክብረ ወሰኑ ጋር ነው። ቀነኒሳ በ2019 በርሊንን ሲያሸንፍ ሰዓቱ 2:01:41 ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰኑ ኤሉድ ኪፕቾጌ ከዓመት በፊት እዚያው ያስመዘገበው 2:01:39። አሸናፊ ስለሆነ የልዩነቱ አምድ ባዶ ነው፤ የቀኑ ትልቁ ነገር ግን ሁለቱ ሰከንድ ነበር። ይህን ለአሸናፊው ረድፍ ብቻ፣ ያውም ለክብረ ወሰን ሲቀርብ ብቻ እንድታደርጉት እመክራለሁ። ለሁሉም ረድፍ ከተደረገ ሠንጠረዡ በቁጥር ይታፈንና ዋናው ነገር ይጠፋል።

የክብረ ወሰን ምልክቶች ራሳቸው ማብራሪያ ይፈልጋሉ። ትዕግስት አሰፋ በበርሊን 2:11:53 ስትሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በሚያዝያ 2025 ለንደን ላይ 2:15:50 ስትሮጥም የዓለም ክብረ ወሰን ተብሏል፤ ወደ አራት ደቂቃ ገደማ ቀርፋፋ ሆኖ ሳለ። ምክንያቱ የለንደኑ ወንድ አሯሯጭ በሌለበት፣ ሴቶች ብቻ በሮጡበት ውድድር የተገኘ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ በደንቡ ለየብቻ ይመዘገባሉ። አንባቢው ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ምልክት ካየ ገጹ የተሳሳተ ይመስለዋል። ምልክቱ ሲነካ «ሴቶች ብቻ የሮጡበት» ወይም «ወንዶችና ሴቶች አብረው የሮጡበት» የሚል ጽሑፍ ይውጣ። የቦስተን ማራቶንም ተመሳሳይ ነገር አለው። በ2011 ጆፍሪ ሙታይ እዚያ 2:03:02 ሲሮጥ ክብረ ወሰኑ ገና የኃይሌ 2:03:59 ነበር፤ አልተሰበረም። የቦስተን መንገድ ከደንቡ በላይ ቁልቁል ስለሚወርድና መነሻውና መድረሻው ስለሚራራቁ ሰዓቱ ለክብረ ወሰን አይቆጠርም። አንዲት ኮከብ ምልክትና አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ግርታ ታነሳለች። አዲስ አበባ ላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ የሚሮጡ ሰዎችን ሰዓት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ሰዓት ጋር ለሚያነጻጽር አንባቢም የከተማውን ከፍታ ከውድድሩ ስም ሥር መጻፍ እንዲሁ ነው።

አሕጽሮቶቹን በአማርኛ ጻፉልን። «ዲ ኤን ኤፍ»፣ «ዲ ኤን ኤስ»፣ «ዲ ኪው» ለለመደው ግልጽ ናቸው። «አቋርጧል»፣ «አልተነሳም»፣ «ተሰርዟል» ግን ለሁሉም ግልጽ ናቸው፣ ቦታም ብዙ አይወስዱም። ሲቻል ምክንያቱን ጨምሩ። ለሜቻ ግርማ በፓሪስ ኦሎምፒክ ፍጻሜ በመጨረሻው ዙር መሰናክሉ ላይ ወድቆ በቃሬዛ ነው የወጣው። ሠንጠረዡ ላይ ግን ደክሞት እንዳቆመ ሰው ሦስት ፊደል ተሰጥቶት ቀርቷል። «በመጨረሻው ዙር ወድቆ አቋርጧል» ብሎ መጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? የማጣሪያውም ጉዳይ አለ። በእንግሊዝኛው ትልቁ «ኪው» በደረጃው ያለፈን፣ ትንሹ «ኪው» በሰዓቱ ያለፈን ያመለክታል። በትንሽ ስክሪን ላይ ትልቁንና ትንሹን መለየት ለጤነኛ ዓይንም ይከብዳል። «በደረጃ አለፈ»፣ «በሰዓት አለፈ» በሉት። በፓሪስ ከ200 እስከ 1,500 ሜትር ላሉ ርቀቶች ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ ዙር ስለተጨመረ «ወደ ሁለተኛ ዕድል» የሚል ሦስተኛ ምልክትም ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበውን ላንሳ፤ ከወጣ በኋላ የሚለወጥ ውጤት።

በመስከረም 2021 የቪየና ማራቶን ላይ ደራራ ሁሪሳ በ2:09:22 አንደኛ ሆኖ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ተሰረዘ፤ የጫማው ሶል ከተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር በልጦ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። አሸናፊነቱ በሦስት ሰከንድ ርቀት ለተከተለው ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ሆነ። ያን ቀን የመጀመሪያውን ዜና አንብቦ ለጓደኞቹ በቴሌግራም የላከ ሰው፣ ገጹ በኋላ በዝምታ ቢስተካከል፣ የላከው ስክሪንሾትና ገጹ ሲጋጩ ማንን ይመን? ከሠንጠረዡ ሥር «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ምክንያት ተስተካክሏል» የምትል መስመር አስቀምጡ። ውጤቱ ገና ካልጸደቀም «ያልጸደቀ ውጤት» ብላችሁ ከላይ ጻፉ፤ ሲጸድቅ አንሱት።

ይህ ነገር ለአትሌቶቻችን ክብር ጭምር ነው። ሶፊያ አሰፋ ለንደን 2012 ላይ በ3,000 ሜትር መሰናክል ሦስተኛ ሆና ነበር የገባችው። አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊት በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ስለተሰረዘች ዛሬ ሶፊያ የብር ባለቤት ናት። መሠረት ደፋር ቤጂንግ 2008 ላይ በ5,000 ሜትር ያገኘችው ነሐስም እንዲሁ ወደ ብር ከፍ ብሏል። ግን የቆዩ ገጾችን ብታገላብጡ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ሁለቱም ነሐስ ተብለው ታገኟቸዋላችሁ። ስታዲየም ውስጥ የብሩ መድረክ ላይ ሳይቆሙ የተመለሰላቸው ማዕረግ ነው፤ ቢያንስ ገጻችን ላይ በትክክል ይጻፍላቸው። የድሮ ውጤት የምታስቀምጡ ሁሉ የተሻሻሉ የሜዳልያ ደረጃዎችን አንድ ጊዜ ተቀምጣችሁ እንድታርሙ፣ «መጀመሪያ 3ኛ፣ በኋላ 2ኛ» ብላችሁም እንድታስረዱ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

የውድድር ሰዓት አነጋገር ላይ ደግሞ አደጋ አለ። የፓሪሱ የወንዶች ማራቶን ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. የተጀመረው በፓሪስ ሰዓት 8:00 ላይ ነው። ይህ ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ ገጽ ከገባ አንባቢው የሚረዳው 8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ነው። ሩጫው በእኛ አቆጣጠር የተጀመረው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር፤ በ8 ሰዓት ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው ታምራት ካሸነፈ ብዙ ሰዓት አልፎ ይደርሳል። የአማርኛ ገጽ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» ከሚለው ጋር አድርጎ ይጻፍ፤ ከጎኑ የፈረንጁን በትንሹ ይጨምር። ስልኩ አንባቢው ያለበትን የሰዓት ክልል ስለሚያውቅ ዱባይ ላለች እህታችን 10 ሰዓት ጠዋት፣ ዋሽንግተን ላለ ወንድማችን ከሌሊቱ 2 ሰዓት፣ ለሁለቱም በሚኖሩበት አገር አቆጣጠር እንዲታያቸው ማድረግም ከባድ አይደለም። ቀኑንም በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ጻፉ።

ስለ ስልክ ጥቂት ልበል። ውጤት ማለት ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ዳታ አይበላም። ዳታ የሚበላው ሳይጠየቅ የሚጫወተው ቪዲዮና ትልልቁ ፎቶ ነው። ሠንጠረዡ መጀመሪያ ይምጣ፣ ሌላው የሚፈልገው ሰው ሲነካው ይከተል። ሰው ሲያነብ ሠንጠረዡ በራሱ እየታደሰ ረድፎች ከጣቱ ሥር አይሽሹ፤ «አዲስ ውጤት ገብቷል» የሚል ቁልፍ ከላይ ታይቶ አንባቢው ሲፈልግ ይንካው። ወደ ጎን የሚሳብ ሠንጠረዥ ከሆነ የስም አምድ ከቦታው አይነቃነቅ፤ ያለበለዚያ አንባቢው ሰዓቱን ሲያገኝ የማን እንደሆነ ይጠፋዋል። የውድድሩ ስም፣ ርቀትና ቀን ያለበት ረድፍም ወደ ታች ሲወረድ ከላይ ተጣብቆ ይቆይ። ሰው ውጤት የሚልከው በስክሪንሾት ነው፤ ስክሪንሾቱ የየትኛው ውድድር፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ካልያዘ ከዓመት በኋላ እንደ አዲስ ዜና ይዞራል። ይህ ሲሆን ሁላችንም አይተናል።

ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ ጥቃቅን ቅጥያ የበዛበት ነው። «ሙ»ና «ሚ»፣ «ቡ»ና «ቢ» በትንንሽ ፊደል ይመሳሰላሉ፤ ከ16 ፒክስል አታሳንሱት። በነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ፀሐይ ላይ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው አይታይም። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የቀለም ንጽጽር ይጠይቃል፤ የሚለካ መሣሪያ በነጻ ይገኛል። ያለፈውን በአረንጓዴ፣ የወደቀውን በቀይ ብቻ አትለዩ፤ ሁለቱን ቀለሞች መለየት የማይችሉ ብዙ ሰዎች አሉ፣ ቃልም ጨምሩበት።

ለሕዝብ የጎዳና ሩጫዎች ሁለት ነገር ብቻ። ሰዓት በቺፕ በሚለካበት ውድድር ተኩሱ ከተሰማ ጀምሮ የተቆጠረውና ሯጩ መነሻ መስመሩን ካለፈ ጀምሮ የተቆጠረው ሁለት ሰዓት ነው። ከኋላ የተነሳ ሰው ልዩነቱ ደቂቃዎች ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ስማቸው ተጽፎ ይታዩ። ሰው ራሱን የሚፈልገው በደረት ቁጥሩ ነው፤ መፈለጊያው የቁጥር ሰሌዳ ይዞ ይከፈትለት። ደግሞም ተራ ሯጭ ስሙ በኢንተርኔት እንዳይወጣ ቢጠይቅ በቀላሉ የሚያስወግድበት መንገድ ይኑረው።

እግር ኳስን ብዙ አልነካሁም፤ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን እላለሁ፤ ክለቦች እኩል ብዛት ያለው ጨዋታ ባላደረጉበት ሳምንት የተጫወቱት ጨዋታ ብዛት ከነጥባቸው አጠገብ፣ በእኩል መጠን ይታይ። አሁን ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ውጪ ተገፍቶ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ መካከል መጀመሪያ እንዲሠራ የምጠይቀው ሦስቱን ነው፤ ሙሉ ስም በትክክለኛው ቅደም ተከተል፣ የሰዓት መለያ ነጥቦች፣ የማስተካከያ መስመር። አንድ ፕሮግራመር በአንድ ሳምንት የሚጨርሳቸው ናቸው። ለቀጣዩ ውድድራችሁ በአንድ ርቀት ገጽ ላይ ሞክሯቸው፤ አምስት ሰው ፊት አቅርቡት፣ ከአምስቱ አንዱ መነጽር የሚያደርጉ አዛውንት ይሁኑ። «ነሐስ ያገኘው ማነው? በስንት ተቀደመ?» ብላችሁ ጠይቁና የት ላይ እንደሚቸገሩ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ለፍለጋ የሚሆነውን የተመሳሳይ ፊደላት ሠንጠረዥና የስልክ ሠንጠረዡን ንድፍ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ። ስህተት ያየ አንባቢ የሚያመለክትበት ቁልፍም በእያንዳንዱ ውጤት ሥር እንድታስቀምጡ፣ የሚመጣውንም የሚያነብ ሰው እንድትመድቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የስክሪን ዲዛይን ባለሙያና የአትሌቲክስ ውጤት ተከታታይ
አዲስ አበባ